ሶፍትዌሩ ይቆይ፤ መጀመሪያ ማይክሮፎኑ ይስተካከል

የምስክሮች ቃል ከመቅረፀ ድምፅ ተገልብጦ ባለማለቁ መዝገቡ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። የፍርድ ቤት ዜና የሚከታተል ሁሉ ይህችን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ያውቃታል። ዳኛው አለ፣ ዐቃቤ ሕጉ አለ፣ ጠበቃው አለ። የጠፋው ወረቀቱ ነው። ተከሳሹ ግን ወደ ማረሚያ ቤት ይመለሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ተገቢ በሆነ አጭር ጊዜ ውስጥ እንዲዳኝ ያዛል።

ዛሬ ዛሬ ለሁሉም ችግር መድኃኒት ተደርጎ የሚቀርበው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ድምፅ ሰምቶ የሚጽፍ ሶፍትዌር ከተገዛ ነገሩ አለቀ የሚል ካለ ግን ጋሪውን ከፈረሱ አስቀድሟል።

አንደኛ፣ ቋንቋው። ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ዊስፐር በ680 ሺህ ሰዓት ድምፅ የሠለጠነ ነው። ኩባንያው ራሱ ባወጣው መለኪያ ግን አማርኛ ስህተት እጅግ ከበዛባቸው ቋንቋዎች ተርታ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሻሉ ቢመጡም ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይለይም። «ይመታል» ላልቶ ሲነበብ መቺው ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺው። በድብደባ ክስ በዚህች አንድ ቃል በዳይና ተበዳይ ቦታ ይለዋወጣሉ። ይግባኝ ሰሚው ዳኛ ደግሞ የሚያነበው ወረቀቱን ነው።

ሁለተኛ፣ ኃላፊነቱ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 147 የምስክሩን ቃል የመሐል ዳኛው እንዲጽፍ፣ ካልቻለም በእርሱ ተቆጣጣሪነት እንዲጻፍ ይደነግጋል። አዝጋሚ ነበር፤ ተጠያቂው ግን ይታወቃል። ሶፍትዌሩ ቢሳሳት ማን ይፈርማል? የምስክሮች ድምፅ ባሕር ማዶ ወዳለ ሰርቨር ቢላክስ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ምን ሊሆን ነው?

ሦስተኛውና ዋናው፣ ዕቃው። ችሎቱ መሐል አንድ ማይክሮፎን ተተክሎ የዳኛው፣ የጠበቃውና የምስክሩ ድምፅ በአንድ ላይ ከተቀዳ፣ በላዩም የወረቀት ኮሽታና የበር ድምፅ ከተጨመረበት፣ ሰውም ማሽንም አይሰማውም። ልምድ ያለው ጸሐፊ እንኳ የአንድ ሰዓት ድምፅ ለመገልበጥ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ጥራቱ ከወረደ ደግሞ ቀኑ አይበቃውም።

ስለዚህ የግዥ ዝርዝሩ በዚህ ቅደም ተከተል ይጻፍ። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የየራሱ ማይክሮፎን፣ ድምፁም ለየብቻ የሚቀዳ። መብራት ሲጠፋ ቅጂው እንዳይቋረጥ ዩፒኤስ። ለጸሐፊው ጥሩ የጆሮ ማዳመጫና ድምፁን በእግር የሚያስኬድበትና የሚያቆምበት ፔዳል። ጽሑፉ በዩኒኮድ ይሁን፤ በድሮ የግዕዝ ፕሮግራም የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። በየገጹ ኅዳግ የድምፁ ሰዓትና ደቂቃ ይመዝገብ፤ ዋናው ቅጂም ሳይነካ ይቀመጥ፣ ክርክር ሲነሳ ተከፍቶ እንዲሰማ። ሶፍትዌሩ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ፤ ረቂቅ ያውጣ፣ ሰው ያርመው፣ ሰው ይፈርምበት።

ይህ ሁሉ ቢሟላም ጸሐፊው በቂ ደመወዝ ካላገኘ ዕቃው ጌጥ ነው። አዲስ ኮምፒውተር ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ካሜራ ይመጣል። ለፔዳልና ለጸሐፊ ደመወዝ ማንም ሪባን አይቆርጥም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

አገሬው በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች ይላል። ግልባጭ እየጠበቀ ወራት የሚቆጥረው እስረኛ ያጣው ግን ጭብጦ አይደለም፤ ዕድሜውን ነው።