አዲስ የቡና ዝርያ መገኘቱ ደኑ ካልተጠበቀ ምን ይጠቅማል?

ዓለም የሚጠጣው ቡና በአብዛኛው ከአረቢካና ከሮቡስታ የሚገኝ ቢሆንም ሳይንስ የመዘገባቸው የቡና ዝርያዎች ከ120 በላይ ናቸው። ፍለጋውም አልተቋረጠም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከሰሜን ማዳጋስካር ብቻ ስድስት አዳዲስ ዝርያዎች ይፋ ሆነዋል። ይሁን እንጂ በ2019 የወጣ ጥናት ከዱር ቡና ዝርያዎች 60 በመቶው ለመጥፋት መቃረባቸውን አመልክቷል። ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ የደን ምንጣሮ ነው።

የሴራሊዮኑ ስቴኖፊላ ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል። በምዕራብ አፍሪካ ይመረት የነበረው ይህ ቡና ምርታማው ሮቡስታ ሲስፋፋ ተተወ፤ በአገሪቱ ዱር ውስጥም ከ1954 ወዲህ ሳይታይ ቆየ። በ2018 ተመራማሪዎች በደን ውስጥ ሲፈልጉ መጀመሪያ ያገኙት አንዲት ተክል ብቻ ነበረች። በኋላ ሌሎችም ተገኙ። ሲቀመስ ጣዕሙ ከአረቢካ ጋር የሚቀራረብ ሆነ፤ የሚችለው አማካይ ሙቀት ግን አረቢካ ከሚችለው እስከ 6.8 ዲግሪ ይበልጣል። ያ ደን አስቀድሞ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ ይህን ማን ያውቅ ነበር?

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። አረቢካ የበቀለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ነው። ሲቢዲ የተባለው የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 አገራችን ገብቶ ማሳ ሲያጠፋ፣ መድኃኒቱ የተገኘው ከራሳችን ነባር ዛፎች ነበር። ዛሬ ብዙ ገበሬ የሚተክለው 74110 በመቱ አካባቢ ከነበሩ ዛፎች የተመረጠ ነው፤ በስሙ መነሻ ያለው 74ም የተመረጠበትን ዓመት ያመለክታል፣ በእርግጥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር።

የቡና ዘር እንደ ጤፍ ወይም እንደ ስንዴ ደርቆ በቀዝቃዛ መጋዘን ለረጅም ዘመን አይቆይም። ስለዚህ ሕያው ሆኖ፣ በማሳ ወይም በደኑ ውስጥ መጠበቅ አለበት። ዩኔስኮ ካፋንና ያዩን በ2010፣ ሸካን በ2012 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቧል።

በእኔ ግምት ዋናው ችግር ከምዝገባው በኋላ ነው። ከደን ቡና የሚለቀመው ምርት አነስተኛ ነው፤ ጥላውን ዛፍ ቆርጦ ጫት ወይም ባሕር ዛፍ የሚተክል ገበሬ ገንዘቡን ፈጥኖ ያገኛል። የደኑን ጥቅም ዓለም ሲካፈለው የጥበቃው ወጪ ግን በአንድ ቀበሌ ነዋሪዎች ጫንቃ ላይ ይወድቃል። የጀነቲክ ሀብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአካባቢው ማኅበረሰብ ከሀብቱ ጥቅም እንዲጋራ ይደነግጋል። ይህ ድርሻ ከተሻለ የደን ቡና ዋጋ ጋር በገበሬው እጅ ሊገባ የሚገባው ዛፉ ሳይቆረጥ ነው።