የኤሊፍ ጉንፋን

እናቴ ባለፈው እሁድ ከኤሊፍ ጋር ተጣላች። የምን ኤሊፍ እንዳትሉኝ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲጀምር «ጥቁር ፍቅር» ብሎ ባስገባብን የቱርክ ድራማ ስንቱን ቤት እራት ያሳረረች ሴት ናት። የእህቴ ልጅ ሶፋው ላይ ተጋድማ «የወይራ ዛፍ» የሚባለውን የኔትፍሊክስ ድራማ በስልኳ ስታይ እናቴ መነጽሯን አስተካክላ አጎነበሰች። «ውይ! የኛዋ ኤሊፍ አይደለች እንዴ? ዶክተር ሆነች?» ደስታዋ ሴትዮዋ አፏን እስክትከፍት ድረስ ብቻ ቆየ። ከአፏ የወጣው ቱርክኛ ነው፤ ድምፁም እናቴ የምታውቀው ድምፅ አይደለም።

«ምን ሆና ነው? ጉንፋን ይዟታል?»

ልጅቱ የሴትዮዋ ትክክለኛ ድምፅ ይኸኛው እንደሆነ ልታስረዳት ብትሞክርም እናቴ ወይ ፍንክች። ስንት ወር ሙሉ ቤቷ ስትገባ ስትወጣ የከረመችን ሴት ድምፅ ከሷ በላይ ማን ሊያውቅ! ይኼ ሳያንስ ቡና ልትጠጣ የመጣችው ጎረቤታችን ስልኩን አየት አደረገችና «የምን ኤሊፍ ነው እማማ? ይቺ ላሚስ ናት» አለች። ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች ልጅ ናት። አቦሉ ሳይወርድ ጭቅጭቁ ደመቀ።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ሴትዮዋ እ.ኤ.አ. በ1982 ኢስታንቡል የተወለደችው ቱባ ቡዩኩስቱን ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረ አንድ ድራማዋን ሶርያውያን በራሳቸው አነጋገር ወደ ዓረብኛ መለሱት፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የዓረብኛው ጣቢያ ኤምቢሲ ሲያሳየው የገጸ ባሕርይዋን ስም ላሚስ አሉት። ያን ጊዜ የዓረብ አገር ሳሎን ሁሉ እሷን እያየ ሲያለቅስ፣ ከእመቤቶቹ ጀርባ ልብስ እየተኮሱ በቆረጣ የሚያዩ የኛ ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ቱባ ቃናን ተከትላ መጣች የሚባለው ነገር ልክ አይመስለኝም። ቃና ከመከፈቱ ከስምንት ዓመት በፊት በእነሱ በኩል ደርሳናለች።

ይህን ለአንድ የመድረክ ሰው ወዳጄ ሳጫውተው እንደ ልማዱ ከንፈሩን አጣመመ። «መልክ ነው እንጂ ትወና የት አለ?» አለኝ። ለሱ ትወና ማለት መጋረጃ ሲገለጥ የሚጀምር ነገር ነው፤ ሳሎን ውስጥ የሚታይ ሁሉ ሥራ ፈት ማባበያ ነው።

እስቲ ይስማኝ። የመድረክ ተዋናይ የቴአትሩን መጨረሻ አውቆ ነው የሚጀምረው። የቱርክ ተከታታይ ድራማ ላይ ግን ተዋናይዋ ቀርታ ደራሲው ራሱ መጨረሻውን አያውቅም፤ ጽሑፉ በየሳምንቱ ይጻፋል፣ ተመልካች ከቀነሰ ጣቢያው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያቋርጠዋል። አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ይሞላል፤ እኛ ቤት የሚደርሰው ተቆራርጦ ነው። በየሳምንቱ አንድ ሙሉ ፊልም መሥራት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ላይ የዚያ አገር የድራማ ሠራተኞች የክፍሎቹን ርዝመት በመቃወም ኢስታንቡል ውስጥ ሰልፍ ወጥተዋል። «ጥቁር ፍቅር» እዚያው አገሩ ላይ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2014 እስከ ሐምሌ 2015 የታየ 54 ክፍል ነው። ሦስተኛው ክፍል ላይ የያዘችውን ቂም አርባኛው ላይ ዓይኗ ውስጥ እንዳለ ማቆየት እሱ እንደሚለው የመልክ ሥራ ከሆነ፣ መልከ መልካሞቹ ሁሉ ይሞክሩትና እንያቸው።

የቱባ ጥበብ ደግሞ በመያዝ ላይ ነው። የኤሊፍ አባት እሷ ከማታውቃት ሴት ጋር መኪና ውስጥ ሞቶ ተገኘ ሲባል የኛ ድራማ ቢሆን ሙሾው ለሦስት ክፍል ይበቃ ነበር። እሷ ታዳምጣለች። ሌላው ሲናገር ፊቷን ካሜራው ላይ ትታ ታዳምጣለች፤ እናቴን ሶፋው ላይ የቸነከራት ይኼ ነው። ወዳጄ ዲፕሎማ ስለሚወድ ይህንንም ልንገረው፤ ቱባ ሚማር ሲናን ዩኒቨርሲቲ የተማረችው የአልባሳትና የመድረክ ንድፍ እንጂ ትወና አይደለም። «20 ደቂቃ» በተሰኘው ድራማ ባልሠራችው ወንጀል የታሰረች እናት ሆና በመሥራቷ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዓለም አቀፉ የኤሚ ሽልማት በምርጥ ተዋናይት ዘርፍ ታጭታለች።

ግን እናቴ የተጣላችው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ የፈለገችው ድምፁን ነው። ለካ ያን ጊዜ የወደድነው አንዲት ሴት አልነበረችም። ፊቱ የኢስታንቡል ሲሆን፣ ድምፁ አዲስ አበባ ውስጥ ጠባብ ክፍል ገብታ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ፣ የሰው ከንፈር እየጠበቀች የምትስቅና የምትንሰቀሰቅ የኛ ልጅ ነበረች። ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ሳይረዳት አልቀረም፤ ሲቃው የሚወድቀው እዚያው ቦታ ነው። ከዚህ በቀር ያገዛት ምንም ነገር የለም። አብሯት የሚጫወት ሰው ሳይኖር፣ ሌላ ሴት የጨረሰችውን ስሜት ከዜሮ ማንሳት ነበረባት።

ያኔ ቃና ሲጀምር የጥበብ ሰዎቻችን በውጭ ድራማ ባህል ጠፋ፣ ሥራችን ተወሰደ ብለው ሲነሡ ይቺ ልጅ ከሠራተኛ አልተቆጠረችም። ለሥራቸው የሠጉትን ሰዎች እረዳለሁ። ያልገባኝ ባህል በሌላ አገር ፊት ሲጠፋ የታያቸው፣ በራሳችን ድምፅ ሲሠራ ያልታያቸው ለምን እንደሆነ ነው። ስሟን እናቴ አታውቀውም፤ ጎረቤታችንም አታውቀውም።

ወዳጄን ዝም ያሰኘሁት ግን በዚህ አይደለም። ቃናን ካቋቋሙት አንዱ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ነው፤ ያው የ«ድፍረት» ፊልም ዳይሬክተር። በዚያ ፊልም ጠበቃዋን ሆና የሠራችው ደግሞ «ዳና» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ የምናውቃት ሜሮን ጌትነት ናት። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ። ወዳጄ ሜሮንን ያደንቃታል። «ያቺማ ሌላ ናት» አለኝ። ሌላ? የሳሎን ስትሆን አላያትም፤ ፈረንጅ ሲያጨበጭብ ነው የታየችው። ይህን ስለው ሻዩን አማሰለ፣ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቶ ነበር።

እንግዲህ ለጣቢያዎች አንዲት ነገር ልበል፤ የውጭ ድራማም ይሁን የአገር ቤት። ክፍሉ ሲያልቅ የሠራተኞቹ ስም የሚያልፍበትን ግማሽ ደቂቃ ለዘይትና ለሳሙና ማስታወቂያ አትስጡት። ብትሰጡትም ቢያንስ ስሙን ጥግ ላይ ጨምቃችሁ በሩጫ አታሳልፉት። ድምፅ የሰጡትን ደግሞ ከፊት አስቀድሟቸው፤ የማን ድምፅ የማን እንደሆነ በግልጽ ጻፉት፤ ፊደሉንም እናቴ ያለ መነጽር እንድታነበው አድርጋችሁ አተልቁት።