የጦር መሪ ታሪክ በቴምብር፤ ከውጫሌ የሚቀሰም ትምህርት

የፖስታ ቴምብር የአገልግሎት ክፍያ ማረጋገጫ ብቻ ሳይሆን አንድ ሀገር ራሷን ለዓለም የምታስተዋውቅበት ሰነድ ጭምር ነው። በመሆኑም የአንድን የጦር መሪ ሕይወትና አገልግሎት በቴምብር መዘከር መንግሥት ስለ ታሪኩ የሚሰጠው የምስክርነት ቃል ተደርጎ ይወሰዳል። ለዚህ የራስ አሉላ እንግዳ (አባ ነጋ) ታሪክ ዓይነተኛ ማሳያ ሲሆን፣ በደቡብ ወሎ አምባሰል የምትገኘው ውጫሌም በታሪኩ ውስጥ ጉልህ ስፍራ አላት።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የጣልያን መንግሥት ተወካይ አንቶኔሊ በውጫሌ አቅራቢያ በይስማ ንጉሥ 20 አንቀጾች ያሉትን ውል ተፈራረሙ። የአንቀጽ 17 አማርኛ ቅጂ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለምታደርገው ግንኙነት በጣልያን በኩል መጠቀም እንደምትችል ሲገልጽ፣ የጣልያንኛው ቅጂ ግን ይህንኑ ግዴታ አደረገው። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. መሰረዛቸውን አስታወቁ። በ1886 ዓ.ም. ደግሞ የሀገሪቱ የፖስታ አገልግሎት ተመሠረተ፤ በፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮችም የንጉሠ ነገሥቱንና የአንበሳን ምስል የያዙ፣ በአማርኛ የተጻፉ ነበሩ። ሉዓላዊነቷ በውል ትርጉም አከራካሪ በሆነበት ወቅት ሀገሪቱ ስሟን በራሷ ፊደል በቴምብር ላይ ማስፈሯ ቀላል ግምት የሚሰጠው አልነበረም።

በተምቤን ከገበሬ ቤተሰብ የተወለዱት አሉላ ለከፍተኛ ማዕረግ የበቁት በአገልግሎታቸው ነው። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብፅ ጦር፣ በመስከረም 1878 ዓ.ም. በኩፊት ከመሐዲስቶች ጋር በተካሄዱት ውጊያዎች ተሳትፈዋል። በጥር 1879 ዓ.ም. ደግሞ በዶጋሊ 500 ያህል ወታደሮች የነበሩትን የጣልያን ጦር ደምስሰዋል። መቀመጫቸውን በአስመራ አድርገው ያስተዳድሩም ነበር።

ይሁን እንጂ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ከወደቁ በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። የውጫሌ ውል አንቀጽ 3 አስመራን በጣልያን በኩል በሚቀረው ግዛት ውስጥ አካተተ፤ የጣልያን ጦርም በዚያው ዓመት አስመራን ያዘ። ምኒልክ በበኩላቸው በወቅቱ የዘውዳቸውን እውቅናና የጦር መሣሪያ አቅርቦትን ይሹ ነበር። አሉላ ሲጠብቁት የነበረው ግዛት በጦር ሜዳ ሽንፈት ሳይሆን በድርድርና በውስጥ መከፋፈል መታጣቱ የታሪኩ መራር ገጽታ ነው። ያም ሆኖ አሉላ ለምኒልክ ከገቡ በኋላ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከሌሎች መሪዎች ጎን ተሰልፈው ተዋግተዋል። ሕይወታቸው ያለፈው በተከታዩ ዓመት 1889 ዓ.ም. ከራስ ሐጎስ ጋር በተደረገ የእርስ በርስ ግጭት በደረሰባቸው ቁስል ነው።

ከዚህ አንጻር የዶጋሊን ወይም የዓድዋን ድል ብቻ የሚያሳይ አንድ ቴምብር ጀግንነቱን ያሳይ ይሆናል እንጂ ሙሉውን የአገልግሎት ዘመን አይገልጽም። የ1886ቱ ቴምብሮች በልዩ ልዩ ዋጋ በተከታታይ እንደተዘጋጁ ሁሉ፣ የጦር መሪን ታሪክም በተከታታይ ቴምብሮች ማቅረብ የተሻለ አማራጭ ነው። ጉራዕ፣ ዶጋሊ፣ አስመራና ዓድዋ በየተራ ቢቀርቡ ድሉም እጦቱም፣ ከልዩነት በኋላ የመጣው አንድነትም ስፍራ ያገኛሉ። መታሰቢያው የአንድ አካባቢ ወይም የአንድ ወገን ሳይሆን የሀገር የሚሆነውም በዚህ መንገድ ነው።

በሌላ በኩል በቴምብር ላይ የሚሰፍሩት ቃላት ጥቂት በመሆናቸው ከፍተኛ ጥንቃቄን ይጠይቃሉ። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ከሆነች ወዲህ ቴምብሮቿ በሌሎች ሀገራት ዘንድም ተቀባይነት ያላቸው ሰነዶች ናቸው። የስም አጻጻፍ፣ የማዕረግ አጠራር፣ ከኢትዮጵያ ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የሚመለስ ዘመን፣ እንዲሁም በአማርኛና በውጭ ቋንቋ የሚቀርቡ ጽሑፎች መጣጣም ከኅትመት በፊት በታሪክ ባለሙያዎች መረጋገጥ ይኖርባቸዋል። ከታተመና ከተሰራጨ በኋላ የሚገኝ ስህተት በማረሚያ ደብዳቤ አይሰበሰብም።

ይህ ጥንቃቄ ቴምብር በሚያዘጋጀው ተቋም ብቻ የሚወሰን አይደለም። ውል፣ መመሪያ ወይም ደብዳቤ የሚያረቅ፣ የሚተረጉምና የሚፈርም የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ተመሳሳይ ኃላፊነት አለበት። በውጫሌ ውል በሁለት ቋንቋዎች መካከል የተፈጠረው የአንድ ግስ ልዩነት ለጦርነቱ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ሲሆን፣ ልዩነቱን ለማረም የተከፈለው ዋጋ በዓድዋ የወደቁት ወገኖች ሕይወት ነው።