«ጥቁር ቢራ ስጠጣ ‹አራሷ› ይሉኛል»

ዛሬ የመረጥነው የአንድ የ27 ዓመት ወጣት ደብዳቤ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥረን እነሆ፦

«…የምሠራው የግል መሥሪያ ቤት ነው። አርብ አርብ ከአራት ጓደኞቼ ጋር ግሮሰሪ እንቀመጣለን። እኔ የምወደው ጥቁር ቢራ ነው። እነሱ ግን ሙሉ ውስኪ ያወርዳሉ፤ ሒሳቡም ለአምስት ይካፈላል። ጥቁር ቢራ ካዘዝኩ ‹አራሷ መጣች› እያሉ ይስቁብኛል። ስለዚህ የማልወደውን ውስኪ በኮካ እያቀጠንኩ እጨልጣለሁ። ከእጮኛዬ ጋር ለሠርጋችን ብለን ዕቁብ ገብተናል። ሁለት ጊዜ የኔን ድርሻ እሷ ከፈለችልኝ። ‹እናቴን ሳሳክም ነው› አልኳት። እናቴ ደህና ናት። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ወንድማችን፣ ስለ እናትህ በኋላ እንመለስበታለን። በመጠጡ እንጀምር፤ ያፈርክበት ነገር ጭራሽ የሚያሳፍር አይደለማ!

ቡና በምን ይጠቁራል? በመቆላት አይደል? ጥቁር ቢራም እንደዚያው ነው። ስታውት ለሚባለው ዓይነት ገብሱ ወይም ብቅሉ እስኪጠቁር ይቆላል፤ ያ ቡና ቡና፣ ቸኮሌት ቸኮሌት የሚለው ጣዕም የሚመጣው ከዚያ ነው። እናቶቻችንስ? ጠላ ሲጠምቁ እንኩሮውን ምጣድ ላይ አክርረው ካመሱት ጠላው ይጠቁራል። ፈረንጆቹ ሆፕስ በሚሉት ተክል ያመሩታል፣ እኛ በጌሾ። እንግዲህ ጥቁር ቢራ የሚወድ ያገራችን ልጅ ያያቱን ጓዳ ጣዕም ነው የወደደው። ታዲያ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

«ጥቁር ስለሆነ ኃይለኛ ነው» የሚሉም ሞልተዋል። ቀለሙ ስለ አልኮሉ የሚነግርህ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1759 ደብሊን ላይ የተጀመረው ጊነስ በድራፍት ሲቀዳ 4.2 በመቶ ነው፤ ከብዙዎቹ ነጭ ቢራዎች ያንሳል። ፎሪን ኤክስትራ የተባለው ወንድሙ ግን 7.5 በመቶ የሚደርስ አለው። ሁለቱም ሲታዩ ከሰል ናቸው። ስለዚህ ጠርሙሱን አዙሮ ማንበብ ነው።

የ«አራስ» ነገርስ? ይቺ ወሬ ከኛ ሰፈር አልተነሳችም። በአየርላንድና በእንግሊዝ ድሮ ለአራስና ደም ለሰጠ ሰው ስታውት ይሰጥ ነበር። ብረት አለው ተብሎ ነው፤ ያለው ግን ኢምንት ነው። ዛሬ ለአራስ አልኮል የሚያዝ ሐኪም የለም። እኛ አገር ደግሞ የሐረር ቢራ ፋብሪካ ጥቁር ቢራውን «ሐኪም ስታውት» ብሎ ሲያወጣው ነገሩን ሳያብሰው አልቀረም። (ሐረርን ቁልቁል የሚያየው ተራራ ስሙ ሐኪም መሆኑን ማን ያስታውስ!) ብቻ ጓደኞችህ የሚስቁት ባረጀ ወሬ ነው።

ደግሞ ውስኪን ጠላት አድርገን እንዳይመስልብን። ስኮች ለመባል ቢያንስ 3 ዓመት ስኮትላንድ ውስጥ በኦክ በርሜል መተኛት፣ አልኮሉም ከ40 በመቶ አለማነስ አለበት፤ በሕግ የተጻፈ ነው። ጠርሙሱ ላይ «12» ካለ፣ ውስጡ ካሉት ውስኪዎች በዕድሜ ትንሹ 12 ዓመት በርሜል ውስጥ ከርሟል ማለት ነው። ጠርሙስ ከገባ በኋላ ግን ዕድሜ አይጨምርም፤ ቡፌ ላይ ለዓመታት ያስቀመጣችሁ አባቶች ይቅርታ! ይህን ሁሉ ጊዜ የተኛን መጠጥ በኮካ አስምጦ በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ ግፍ ነው። የሚያውቁበት ሰዎች ትንሽ ቀድተው፣ ውሃ ጠብ አድርገው፣ አሽትተው፣ በአንዷ መለኪያ ረጅም ጨዋታ ይጫወቱባታል። እንደዚያ ሞክረኸው ከጣመህ እሰየው። ካልጣመህ ለማን ብለህ ነው የምትጠጣው?

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። 330 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራ ውስጥ 16.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። 40 ሚሊ ሊትር ውስኪ ውስጥ 16። አንድ ቢራና አንድ መለኪያ ያው ናቸው ማለት ይቻላል። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ሙሉ ጠርሙስ ደግሞ የ18 ቢራ አልኮል ተሸክሟል፤ ለአምስት ሲካፈል ለያንዳንድህ ሦስት ቢራ ተኩል አካባቢ። ይኼ እንግዲህ «አንድ ድገመን» ሳይባል ነው! ቢራው ሆድ ሲሞላ «በቃ» ያሰኛል፤ ውስኪና ኮካ ግን ሾልኮ ነው የሚገባው። ከዚያ ወዲያ መሪ የሚጨብጥ ካለ ቁልፉን ተቀበሉትና ታክሲ ይጠራለት።

ግሮሰሪ በፈረንጅ አፍ ሽንኩርትና ሳሙና የሚሸጥበት ነው፤ እኛ መጠጫና መጨዋወቻ አደረግነው። ጥሩም አደረግን! ሰው በሥራ የዛለ ራሱን የሚያሳርፍበት፣ ኳስ የሚከራከርበት፣ ሐዘንተኛ ጓደኛውን የሚያጽናናበት ቦታ ያስፈልገዋል። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ስንቱ የለመድነው ቤት አብሮ ሄደ። የተረፉትን ጠርሙስ መደርደሪያ ባናደርጋቸው ምናለበት?

አየርላንዶችም ቢሆኑ በተራ መጋበዝ ይወዳሉ፤ ተራውን የዘለለ ሰው ስሙ ይጠፋል። ከተራው መውጣት የፈለገ ግን ገና ሲቀመጥ ይናገራል። አንተም እንደሱ አድርግ። የፊታችን አርብ ከነሱ ቀድመህ ግባ። ውስኪው ከወረደ በኋላ «እኔ አልጠጣም» ብትል አኩራፊ ትመስላለህ። ስለዚህ ገና ሳይታዘዝ፣ ሁሉም እየሰሙ፣ ፈገግ ብለህ አስተናጋጁን «ለኔ ጥቁር ቢራ፤ ሒሳቤ ለብቻ» በለው። ይስቃሉ። አብረህ ሳቅ። በሚቀጥለው ሳምንትም ድገመው። ከሁለት ሦስት አርብ በኋላም ካልለቀቁህ፣ አብረውህ የሚቀመጡት ለጨዋታህ ነው ወይስ ለአምስተኛ እጅ መዋጮህ? ይህን አንተ ታውቃለህ።

አሁን ወደ እናትህ። ደህናዋን ሴት አልጋ ላይ አስተኝተሃታል! እጮኛህ እኮ አንድ ቀን ብርቱካን በፌስታል ይዛ «እንዴት ነዎት እማማ?» ብላ ልትሄድ ትችላለች። እስካሁን አለመሄዷም ይገርማል፤ ምናልባት ጠርጥራ ዝም ብላ ይሆናል። ስለዚህ ሌላ ሰው ሳይነግራት ራስህ ንገራት። «ጓደኞቼ ናቸው» ብለህ አትጀምር፤ «ውስኪ ጠጥቼበታለሁ፣ ዋሽቼሻለሁ» ብለህ ጀምር። የከፈለችልህን የሁለት ዙር ብር በስንት ወር እንደምትመልስም ወረቀት ላይ ጽፈህ ይዘህ ሂድ። ልትቆጣ ትችላለች፣ ልታለቅስ ትችላለች፤ ቁጭ ብለህ አዳምጣት። ያን ዕለት ግን ግሮሰሪ እንዳትገናኙ።

በዚሁ ጉዳይ «ለጀማሪ የሚስማማ ውስኪ የትኛው ነው?» ብለሽ ለጻፍሽልን የ19 ዓመት እህታችን፦ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሁለት ዓመት ታገሽና እንደገና ጻፊልን። ስኮቹም ቢሆን 3 ዓመት ይተኛል!