ሳቃችን ያስተምራል

እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ አገር ሊንከንሻየር በሚገኝ የእንስሳት ማቆያ አምስት ግራጫ በቀቀኖች ከጎብኚዎች እንዲርቁ ተደረገ። ጥፋታቸው ስድብ ነበር! ከአምስት የተለያዩ ቤቶች መጥተው አንድ ላይ ሲቀመጡ አንዱ ይሳደባል፣ ሌላው እንደ ሰው ይስቃል። ሰው በሳቀላቸው ቁጥር ባሰባቸው።

እኛም ይህን ስንሰማ እንስቃለን። ነገር ግን ልጃችን በኮልታፋ አፉ የመጀመሪያዋን ስድብ ሲናገር ምን አደረግን? እንግዳ ፊት “እስቲ ድገመው” ብለን የሳቅንበትን ቃል፣ ከፍ ሲል በኩርኩም ልናስተወው እንሞክራለን። ሕፃኑ የቃሉን ትርጉም አያውቅም፤ የሚያውቀው እኛን ማሳቁን ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ለልጆቻችን አንደበት ስንጸልይ፣ አስቀድመን ስለ ራሳችን አንደበትና ስለ ሳቃችን በጌታ ፊት እንንበርከክ።