ብረትን ያለ አሲድ ማጽዳትና የወንዝ ዳር ገበሬ

ባለእጅ የጋለ ማረሻ ሲቀጠቅጥ ጥቁር ቅርፊት ከላዩ ይረግፋል። በፋብሪካም ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ የተዳመጠ ብረት በዚሁ ቅርፊት ይሸፈናል። ቅርፊቱ ሳይነሣ ዚንክ አይይዝም፤ የጣራ ቆርቆሮም አይሠራም።

የተለመደው ማጽጃ የሞቀ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ችግሩ ያለው ካገለገለ በኋላ ነው። በአሜሪካ ሕግ ይህ ያገለገለ አሲድ ከአደገኛ ቆሻሻዎች ተመድቧል። ሳይጣራ ወንዝ ከገባ ዕዳውን የሚከፍለው ከታች ከብቱን የሚያጠጣውና መስኖ የሚጠልፈው ገበሬ መሆኑ ግልጽ ነው።

በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ሬድ በድ በምትባል አነስተኛ ከተማ የሚገኘው ዘ ማቴሪያል ወርክስ የተባለ ኩባንያ ሌላ ዘዴ አውጥቷል። ደቃቅ የብረት ፍርፋሪ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ በኃይል ይወረወርና ቅርፊቱን ይልጠዋል። ውሃውና ፍርፋሪው ተጣርተው እንደገና ይሠራባቸዋል።

እርግጥ አሲዱንም በእሳት አድሶ መልሶ መጠቀም ይቻላል፤ ስለዚህ አሲድ የያዘ ፋብሪካ ሁሉ ጠላት አይደለም። ነገር ግን ከወንዝ ዳር መሬት የሚጠይቅ የብረት ፋብሪካ ሲመጣ የማኅበሩ መሪዎች ካሣውን ከመደራደራቸው በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ብረቱን በምን ታጸዳላችሁ? ያገለገለውስ የት ይሄዳል?