ዘይቱ መጥበሻው ላይ ከመጣዱ በፊት መበላሸት ይጀምራል

ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ሐረር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ መንገደኛ አይቋረጥባትም። ሂርና፣ በደሳ፣ ገለምሶና ሚኤሶም በገበያ ቀን እንደዚያው ናቸው። ሹፌሩን፣ ጫት ጫኙን፣ ተማሪውንና ገበያተኛውን ፈጥኖ የሚያበላው መንገድ ዳር ከሰል ላይ የተጣደ ዘይት ነው። ሳምቡሳው፣ ባጂያው፣ ቦምቦሊኖውና ጥብስ ድንቹ ከዚያው ድስት ይወጣሉ። ዘይቱ ሲጎድል ይጨመርበታል እንጂ አይደፋም። ማታ የተረፈው ተከድኖ ያድርና ጠዋት እንደገና ይጣዳል።

ስለዚህ ዘይት ሲነሳ ቶሎ የሚሰማው መፍትሔ ቁጥጥር ነው፤ ጥቁር ዘይት የያዘች ጠባሽ ትቀጣ፣ ዘይቷም ይደፋ የሚል። ነገሩ ከዚያ ሰፋ ያለ ነው። ዘይቱ ጉዳት ማጠራቀም የሚጀምረው ድስቱ ውስጥ ሳይሆን በጆንያው፣ በመጋዘኑና በጀሪካኑ ውስጥ ነው። በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ያለችውን፣ በቀን ጥቂት ብር የምታተርፈውን ሴት ብቻ መቅጣት ለአስተዳደር ቀላል ቢሆንም ፍትሐዊም ውጤታማም አይደለም።

ዘይትን የሚያበላሸው በዋናነት አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው። ሙቀት፣ ብርሃን፣ እርጥበትና ዝገት ሥራውን ያፋጥኑለታል። መጀመሪያ የሚፈጠሩት ፐርኦክሳይድ የሚባሉ ውሁዶች ሲሆኑ እነዚህ ጣዕምም ሽታም የላቸውም፤ ስለዚህ ዘይቱ ደህና ይመስላል። ሙቀት ሲያገኙ ግን ተሰባብረው አልዲሃይድ ወደሚባሉ ውሁዶች ይለወጣሉ። የቆየ ዘይት የሚሸተውም በእነዚህ ምክንያት ነው። ከመካከላቸው ተመራማሪዎችን በጣም ያሳሰበው 4-ሃይድሮክሲኖኔናል የተባለው ነው። ይህ ውሁድ ከሰውነት ፕሮቲንና ከዘረመል ጋር በቀላሉ ይጣበቃል፤ ከደም ሥር፣ ከጉበትና ከነርቭ ሕመሞች ጋር ያለው ዝምድናም ለብዙ ዓመታት ሲጠና ቆይቷል። በአሜሪካ የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአኩሪ አተር ዘይትን በመጥበሻ ሙቀት፣ በ185 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሲያሞቁ ይህ ውሁድ መፈጠሩን አረጋግጠዋል። ጥብስ ደግሞ ዘይቱን ስለሚመጥ ዘይቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ በላተኛው ይሄዳል።

ዘይቱ ሲጨስ ዓይን የሚያቃጥለው ሌላ ውሁድ አክሮሊን ይባላል፤ በሲጋራ ጢስ ውስጥም ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ባሳተመው ጥራዝ፣ በከፍተኛ ሙቀት ሲጠበስ የሚወጣውን ትነት በሰው ላይ ካንሰር ሳያስከትሉ አይቀሩም ከሚላቸው ነገሮች ጎራ መድቦታል። ይህ ማለት የመጀመሪያዋ ተጎጂ በላተኛው ሳይሆን ከጠዋት እስከ ማታ ጢሱ ላይ አጎንብሳ የምትውለው ጠባሽ ራሷ ናት። በቁጥጥር ክርክሩ ውስጥ ግን ስሟ የሚነሳው እንደ አጥፊ ብቻ ነው።

የትኛው ዘይት ለየትኛው ሥራ ይሁን የሚለው ጥያቄ ላይ ደግሞ በየቤቱ የተለመደው አስተሳሰብ ግማሹን ብቻ ያያል። የሚረጋው ዘይት ጎጂ፣ ፈሳሹ ደግሞ ጤናማ ነው ይባላል። ከልብ ጤና አንፃር ይህ መሠረት አለው፤ የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ነውና አብዝቶ መብላት አይመከርም። ወደ መጥበሻ ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኦክስጅን የሚያጠቃው በቀላሉ የማይረጋውን፣ በተለይ ሊኖሌይክ አሲድ የተባለውን ቅባት ነው። በፓልም ዘይት ውስጥ ይህ ቅባት 10 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በአኩሪ አተር ዘይት ግማሽ ያህል፣ በኑግ ዘይት ደግሞ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ይሆናል። የተልባ ዘይት ከሁሉም ይብሳል። ስለዚህ ለወጥ ጥሩ የሆነው የኑግ ዘይት ቀኑን ሙሉ ሳምቡሳ ሲጠበስበት ለጉዳት ቅርብ ነው። ኑግ ለወጥ ይሁን፤ ለመጥበሻ ሌላ ዘይት ይፈለግ።

ለዚህ ሌላ ዘይት የሚሆነው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ለውዝ (ኦቾሎኒ) በምሥራቅ ሐረርጌ እነባቢሌና ፈዲስ፣ በምዕራብ ሐረርጌም በዳሮ ለቡ ቆላማ አካባቢዎች ይመረታል። ዘይቱ ከፓልም ያነሰ የሚረጋ ቅባት አለው፤ ሙቀትን ደግሞ ከኑግና ከአኩሪ አተር በተሻለ ይቋቋማል። በጽናትም ሆነ በዋጋ ፓልምን ይበልጣል ማለት ግን ማጋነን ነው። ዛሬ ጠባሿ ለዋጋው ስትል ፓልም ብትገዛ አይፈረድባትም። ጥያቄው ነገ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊኖሌይክ አሲዱ በጣም ዝቅ ያለ፣ 80 በመቶ ገደማ ኦሌይክ አሲድ የያዘ የለውዝ ዝርያ ማግኘታቸውን ይፋ አድርገው ነበር። የዚህ ዓይነቱ ለውዝ ዘይት ሳይበላሽ የሚቆየው ከተለመደው ብዙ እጥፍ ነው። መቻራ የግብርና ምርምር ማዕከል ዳሮ ለቡ ውስጥ፣ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጎረቤት ዞን ውስጥ እያሉ፣ የለውዝ ዝርያ ሲመረጥ ምርታማነትና በሽታ መቋቋም ብቻ ሳይሆን የዘይቱ ዓይነትም መለኪያ እንዲሆን ወረዳዎች መጠየቅ አለባቸው። አርሶ አደሩ ስንት ኩንታል አገኘህ ይባላል እንጂ ዘይቱ እንዴት ነው ተብሎ አይጠየቅም።

ጥሩ ዝርያ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። የለውዝ ፍሬ በቅርፊቱ ውስጥ ሳይሰበር ከቆየ ዘይቱን ራሱ ይጠብቀዋል። ሲሰበር ግን ዘይቱን የሚበታትኑ ኢንዛይሞች ከዘይቱ ጋር ይገናኛሉ፤ አየርም ይገባል። ለመፈልፈል እንዲቀል ብሎ ለውዙ ላይ ውሃ መርጨት የዓመቱን ልፋት በአንድ ጀንበር ማበላሸት ነው። የፍሬው እርጥበት ከ7 እስከ 8 በመቶ እስኪወርድ መድረቅ አለበት። መለኪያ መሣሪያ በሌለበት፣ ሲነቀነቅ ፍሬው በቅርፊቱ ውስጥ እስኪንኳኳ መጠበቅ ይረዳል። መሬት ላይ ከማስጣት በሸራ ወይም በቆጥ ላይ ማስጣት፣ አየር በማያሳልፍ ማዳበሪያ ከረጢት ከማጨቅ በጆንያ አድርጎ ከግድግዳና ከወለል አርቆ መደርደር ይሻላል።

እርጥበቱ ሌላም መዘዝ አለው። የሻገተ ለውዝ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይይዛል፤ ይህም በማብሰያ ሙቀት በቀላሉ አይጠፋም። በትናንሽ መጭመቂያ የሚወጣ ያልተጣራ ዘይትም የተወሰነውን ይዞት ይወጣል። ስለዚህ በዞኑ የለውዝ ዘይት መጭመቂያ ይከፈት የሚል ሁሉ ከማሽኑ በፊት ስለ ለቀማው ማሰብ ይገባዋል። የተሸበሸበውን፣ የጠቆረውንና የተሰበረውን በእጅ የሚለቅሙ ሰዎች ሳይቀጠሩ መጭመቂያ መትከል ችግሩን ከጆንያ ወደ ጠርሙስ ማዛወር ነው።

ከውጭ የሚመጣው ዘይትም መንገድ ላይ ሰላም የለውም። ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ይመጣል፤ ሱቅ ሲደርስ ደግሞ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። አንዴ ተከፍቶ በብርጭቆ እየተቀዳ የሚሸጥ ጀሪካን በጎደለ ቁጥር ቦታውን አየር ይይዘዋል። ኮዴክስ በተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ መሠረት የተጣራ ዘይት ፐርኦክሳይድ በኪሎ ግራም ከ10 ሚሊኢኩቫለንት መብለጥ የለበትም። በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ዘይት ሲከፋፈል ግን ውይይቱ ስንት ሊትር መጣ፣ ለማን ደረሰ በሚለው ላይ ያልቃል። ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 የምግብ ዘይት በቫይታሚን ኤ እና ዲ እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ አውጥታለች። ቫይታሚን ኤ ደግሞ ለብርሃንና ለኦክስጅን እጅግ ስስ ነው። ለሕፃናት ዓይን ተብሎ የተጨመረው ቫይታሚን ሱቅ ደጃፍ ላይ ሲጠፋ መንግሥትም ሸማቹም ከስረዋል። መጋዘን ጥላ እንዲኖረው ማድረግ፣ ቀድሞ የገባውን ቀድሞ ማከፋፈል፣ በጀሪካኑ ላይ የገባበትን ቀን መጻፍ የተለየ በጀት የሚጠይቁ ሥራዎች አይደሉም።

ወደ መንገድ ዳሩ ድስት ስንመለስ፣ እናቶች ቅቤ ሲያነጥሩ የሚያደርጉት መልሱን ይዟል። ውሃው እስኪወጣ ያፈሉታል፣ ኮሰረትና ሌላ ቅመም ይጨምሩበታል፣ አጥልለው ከድነው ያስቀምጡታል። ዘይትም የሚፈልገው ይህንኑ እንክብካቤ ነው። ፍርፋሪውን በየጊዜው ማጥለል፣ የዛገ ብረት ድስትን መተው፣ ሳይጨስ ከሰሉን ማብረድ፣ አሮጌው ላይ አዲስ አለመጨመር። ዘይት እየቀዘቀዘ ደጋግሞ ሲሞቅ ቶሎ ስለሚበላሽም ትልቅ ድስት ሙሉ ከመጣድ በትንሽ ድስት ጠብሶ መጨረስ ይሻላል። አረፋው ሳይጠፋ ሲቆይ፣ ዘይቱ ሲወፍርና ቀድሞ በማይጨስበት እሳት ሲጨስ ጊዜው አልፏል።

ያለፈበትን ዘይት ትድፋ ማለት ግን ገንዘቧን ትድፋ ማለት ነው። ወጪውን የሚጋራት ከሌለ ምክሩ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ያገለገለ ዘይት በኮስቲክ ሶዳ ሳሙና ይሆናል። በየከተማው ከተደራጁ ወጣቶች መካከል አንዱ ማኅበር አሮጌውን ዘይት በሊትር እየገዛ ሳሙና ቢያመርት ጠባሿ የከፈለችውን በከፊል ታስመልሳለች። በአውሮፓ በርካታ አገሮች፣ ሲጠበስ የተበላሸው ክፍል ከ24 እስከ 25 በመቶ የደረሰ ዘይት እንዲጣል በደንብ ወስነዋል፤ ዘይቱ ውስጥ ነክሮ ይህን ቁጥር ወዲያው የሚያሳይ በእጅ የሚያዝ መለኪያም አለ። ለዞኑ ጥቂት መለኪያዎች ተገዝተው የጤና ባለሙያዎች በገበያ ቀን እየዞሩ ቢለኩ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያለ ቅጣት ቁጥሩን ለጠባሿ እያሳዩ ቢያስረዱ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቅጣት በዘይቱ ቀለም ሳይሆን በተነበበው ቁጥር ላይ ይቆማል።